ክሪፕቶ ማስቀመጥ ለጀማሪ፦ መጀመሪያ አፑን አጥፉት

ስልኬ የጠፋው ከመገናኛ ወደ ሃያ ሁለት በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ረዳቱ «ሂሳብ» ሲል እጄን ኪሴ ከተትኩ፤ የለም። ሲሙን በማግስቱ አወጣሁ፤ ቁጥሬ ተመለሰ። ያሳሰበኝ ሌላ ነገር ነበር። ስልኩ ላይ በነበረው ዋሌት (ዲጂታል ገንዘብ፣ ማለትም ክሪፕቶ የሚያዝበት አፕ) ውስጥ 140 ዶላር የሚሆን ዩኤስዲቲ አለ፤ ዋጋው ከዶላር ጋር እኩል እንዲሆን የተሠራ ክሪፕቶ ነው። ኖትኮይን በሚባለው የቴሌግራም ጨዋታ ጊዜ ስክሪን ስነካካ ከርሜ ያገኘኋት ናት።

መጀመሪያ ብዙም አልደነገጥኩም። ዋሌቱ ሲከፈት የሰጠኝን፣ ገንዘቡን መመለሻ የሆኑትን 12 ቃላት ወረቀት ላይ ጽፌያለሁ። አሮጌ ስልኬን ከመሳቢያ አውጥቼ፣ አፑን ጭኜ፣ ቃላቱን አንድ በአንድ አስገባሁ። «ትክክል አይደለም» አለኝ። ደገምኩት። ያው ነው። ሁለት ሌሊት ከዚያ ወረቀት ጋር ስፋጠጥ አደርኩ።

ችግሩ 7ኛው ቃል ነበር። ትክክለኛው የእንግሊዝኛ ቃል «ክሌይ» ነው፤ ሸክላ ማለት። እኔ በችኮላ ስጽፈው ሲ እና ኤል ተጣብቀው ዲ መስለዋል። ስለዚህ «ዴይ» እያልኩ አነበዋለሁ፤ ቀን ማለት። ሁለቱም ቃላት ዋሌቶች በሚጠቀሙበት የቃላት ዝርዝር ውስጥ ስላሉ አፑ ቃሉን ዝም ብሎ ይቀበለኛል፤ እምቢ የሚለው 12ቱም ከገቡ በኋላ ነው። (ይህን ቃል በድፍረት የምነግራችሁ ያ ዋሌት ዛሬ ባዶ ስለሆነ ነው።)

ከዚያ ወዲህ ለሚጠይቀኝ ጀማሪ ሁሉ የምነግረው ቅደም ተከተል ተቀይሯል። ገንዘብ ከማስገባታችሁ በፊት ዋሌቱን ራሳችሁ አጥፉትና መልሱት። እንዴት እንደሆነ ከታች አለ።

የምታስቀምጡት ምንድን ነው?

ገንዘቡ ስልካችሁ ውስጥ የለም። ቢትኮይንም ሆነ ዩኤስዲቲ ያለው ብሎክቼን በሚባለው መዝገብ ላይ ነው። መዝገቡን ደግሞ በዓለም ዙሪያ ያሉ ብዙ ኮምፒውተሮች እኩል ይዘውታል። እናንተ ጋ ያለው ቁልፉ ብቻ ነው። ዋሌት ስትከፍቱ የሚሰጧችሁ 12 ወይም 24 የእንግሊዝኛ ቃላት ያ ቁልፍ የሚወጣባቸው ናቸው። ቃላቱ 2,048 ቃላት ካሉት ቋሚ ዝርዝር በዕጣ ይወጣሉ። ዝርዝሩ በጃፓንኛ፣ በስፓኒሽና በሌሎች ቋንቋዎችም ተዘጋጅቷል። አማርኛ ገና አልደረሰውም።

ስለዚህ ስልክ ቢጠፋ ቃላቱ ካሉ ችግር የለም። ቃላቱ ከስልኩ ጋር ከጠፉ አለቀ። ቃላቱን ሌላ ሰው ካየ ደግሞ ስልካችሁን ሳይነካ ገንዘቡን ይወስዳል። ፋይዳ መታወቂያችሁን ይዛችሁ ብትሄዱ የሚያስተናግዳችሁ ቅርንጫፍ የለም።

ስለ ሕጉም አንድ ነገር። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. በክሪፕቶ መገበያየት ሕገወጥ መሆኑን ለሕዝብ አስጠንቅቋል። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ዓመታዊው የግብር ፎርም ስለ ዲጂታል ንብረት እንደሚጠይቃችሁ ታውቃላችሁ። የምትኖሩበትን አገር ወቅታዊ ደንብ አጣሩ፤ ይህ ጽሑፍ ስለ ጥበቃ ብቻ ነው።

1. ምን ያህሉ የት ይቀመጥ?

ኤክስቼንጅ (ክሪፕቶ የሚገዛበትና የሚሸጥበት ድርጅት) ላይ ያለ ገንዘብ ቁልፉ በሌላ ሰው እጅ ነው። ዕቁብ እንደ ማስቀመጥ ነው፤ ሰብሳቢው ደህና ሰው እስከሆነ ድረስ ደህና ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ቶኪዮ የነበረው ማውንት ጎክስ የሚባል ኤክስቼንጅ ሲዘጋ ወደ 850,000 ቢትኮይን ጠፋ ተባለ። ከዚያ ውስጥ 200,000 የሚሆነው በኋላ ተገኝቷል። በኖቬምበር 2022 ሌላው ኤክስቼንጅ ኤፍቲኤክስ ከሰረ፤ መሥራቹ 25 ዓመት ተፈርዶበታል። በፌብሩዋሪ 2025 ከባይቢት ኤክስቼንጅ 1.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጣ ኢቴሪየም የሚባል ክሪፕቶ ተዘረፈ። ባይቢት ግን ከዚያ በኋላም ለደንበኞቹ መክፈሉን ቀጥሏል።

እኔ እንዲህ ነው የማደርገው። በዚህ ሳምንት በፒቱፒ (ከሰው ለሰው በቀጥታ) የምሸጠው ኤክስቼንጅ ላይ ቢቆይ አይከፋኝም። ከዚያ በላይ የሚቆየው ወደ ራሴ ዋሌት ይወጣል።

ኤክስቼንጅ ላይ ለሚቀረው በጽሑፍ መልእክት የሚመጣውን ኮድ አትመኑ። አንድ ሰው በስማችሁ ሲም ካወጣ ኮዱም ለእሱ ነው የሚደርሰው። በየ30 ሰከንዱ ኮድ የሚቀይረውን የአውተንቲኬተር አፕ ተጠቀሙ። ኢሜይሉም ለዚህ ብቻ የተከፈተ ይሁን። ለፌስቡክና ለሥራ ማመልከቻ የምትጠቀሙበትን ተዉት።

2. ዋሌቱን ማውረድ

ትረስት ዋሌት፣ ሜታማስክ፣ ለቢትኮይን ብቻ ከሆነ ብሉዋሌት፣ ቶን ለሚባለው ክሪፕቶ ደግሞ ቶንኪፐር። ለጀማሪ እነዚህ ይበቃሉ። ዋናው ነገር ከየት እንደምታወርዱት ነው።

እኛ አገር አፕ በዜንደር መላላክ የተለመደ ነው። ጓደኛ «እኔ ጋ አለ፣ ካርድህን አትጨርስ» ይላችኋል። ለጨዋታና ለመዝሙር አፕ ይሁን እሺ። ለዋሌት ግን በፍጹም። በቴሌግራም ቻናል የተለጠፈ ፋይልም ያው ነው። ውስጡ የተቀየረ አፕ ከእውነተኛው በዓይን አይለይም። የድርጅቱን ድረ ገጽ አድራሻ ራሳችሁ ጻፉና እዚያ ካለው ማስፈንጠሪያ ወደ ፕሌይ ስቶር ወይም አፕ ስቶር ሂዱ። ጎግል ላይ ፈልጋችሁ አናት ላይ የወጣውን ማስታወቂያም አትንኩ።

ስልክ ቤት ያለው ልጅ እንዲከፍትላችሁ አትስጡት። ልጁ ሌባ ነው ማለቴ አይደለም። ግን ቃላቱ የወጡበትን ስክሪን ካየ ቁልፉን አየ ማለት ነው።

3. ቃላቱን መጻፍ

በር ዝጉ። ወረቀትና እርሳስ ያዙ። እርሳስ ያልኩት በምክንያት ነው፤ የአንዳንድ እስክሪብቶ ቀለም ውሃ ሲነካው ይፈሳል፣ እርሳስ ግን አይፈስም። በላቲን ፊደል፣ በትልልቁ ፊደል፣ እያንዳንዱን ከነቁጥሩ ጻፉ። ትልልቁን ፊደል ተጠቅሜ ቢሆን ኖሮ ሸክላው ቀን አይሆንብኝም ነበር።

ሰው እንዳይገባው ብላችሁ በአማርኛ ፊደል እንዳትጽፉ። «ራይት» ብላችሁ ጽፋችኋል እንበል። ቀኝ የሚለው ነው ወይስ መጻፍ የሚለው? እንግሊዝኛ ላይ አጻጻፋቸው ይለያያል፤ ሁለቱም 2,048ቱ ውስጥ አሉ። ከስድስት ወር በኋላ የትኛው እንደነበር አታስታውሱም።

የአፑን ስም ከላይ ጻፉ። ይህን ብዙዎች ይዘሉታል። ለቶን የተሠሩ ዋሌቶች የሚሰጡት 24 ቃል ከዚያው ዝርዝር ቢሆንም አሠራሩ ይለያል፤ ሌላ ዋሌት ላይ ብታስገቡት እምቢ ሊላችሁ ይችላል። ያኔ ወረቀቱ የተበላሸ ይመስላችኋል።

ፎቶ አታንሱ። ስክሪንሾት አታድርጉ። ጋለሪያችሁ ከጎግል ፎቶስ ጋር የተያያዘ ከሆነ ምስሉ ሳታውቁት ኢንተርኔት ላይ ይወጣል። የኮምፒውተር ደኅንነት ድርጅቱ ካስፐርስኪ እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ላይ ስፓርክካት ያለውን ቫይረስ ይፋ አድርጎ ነበር። ቫይረሱ ጋለሪ ውስጥ ያሉ ምስሎች ላይ የተጻፈውን እያነበበ የዋሌት ቃላትን ይለቅማል። የተገኘውም ፕሌይ ስቶርና አፕ ስቶር ላይ በነበሩ አፖች ውስጥ ጭምር ነው። ቴሌግራም ላይ ለራስ የሚላክበት ቦታም መደበቂያ አይደለም። አካውንታችሁን የከፈተ ሰው መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። ስንት ሰው እዚያ እንደሚያስቀምጥ ባወቃችሁ!

አንዳንድ አፕ «ክላውድ ላይ ላስቀምጥልህ?» ይላል። ለጊዜው እምቢ በሉት። ቀጣዩን ፈተና ያበላሽባችኋል።

4. አሁን አጥፉት

ዋሌቱ ባዶ ነው። ምንም የምታጡት የለም። ለዚህ ነው አሁን የሚደረገው።

ገንዘብ መቀበያ የሚለውን ክፈቱ። አድራሻችሁ ይወጣል፤ ረጅም የፊደልና የቁጥር ሰንሰለት ነው። የመጀመሪያዎቹን ስድስትና የመጨረሻዎቹን ስድስት በሌላ ወረቀት ላይ ጻፉ። ከዚያ ትንፋሽ ወስዳችሁ አፑን ከስልኩ አጥፉት።

እንደገና ጫኑት። ሲከፈት ሁለት ምርጫ ይሰጣችኋል፦ አዲስ ዋሌት መክፈት ወይም የነበረውን መመለስ። ሁለተኛውን ንኩ። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ በድንጋጤ የመጀመሪያውን ነክታ ባዶ ዋሌት ስታይ ተዘረፍኩ ብላ አልቅሳለች። አልተዘረፈችም፤ ሌላ አዲስ ዋሌት ነው የከፈተችው።

ቃላቱን ከወረቀቱ ብቻ እያያችሁ አስገቡ፤ በቃላችሁ የያዛችሁት እንኳ ቢሆን። ፈተናው የወረቀቱ እንጂ የእናንተ አይደለም። አፑ የመጀመሪያዎቹን አራት ፊደላት ስታስገቡ ቃሉን ራሱ ይጠቁማችኋል። ዝርዝሩ የተሠራው በመጀመሪያ አራት ፊደላቸው የሚገጥሙ ሁለት ቃላት እንዳይኖሩበት ሆኖ ነው።

ከዚያ አድራሻውን ከጻፋችሁት ጋር አመሳክሩ። ገጠመ? ወረቀታችሁ ይሠራል። አልገጠመም፣ ወይም አፑ ቃላቱን አልቀበልም አለ? እሰየው፣ ዛሬ አወቃችሁት። አዲስ ዋሌት ክፈቱ፣ አዲስ ቃላት ጻፉ፣ ከ3ኛው ጀምሩ።

አይፎን ያላችሁ ተጠንቀቁ። አፑ ጠፍቶ ሲመለስ አንዳንዴ የድሮውን ያስታውሳል። ቃላቱን ሳይጠይቅ ከተከፈተ ፈተናው አልተቆጠረም። በሌላ ስልክ ሞክሩት፤ የተዋሳችሁት ሳይሆን የራሳችሁ አሮጌ ስልክ ይሁን።

ሁሉም ነገር 20 ደቂቃ አይፈጅም። እኔ ይህን ሳላደርግ ነው ዘጠኝ ወር በተበላሸ ወረቀት ላይ የተኛሁት።

5. ትንሽ ልኮ ማየት

ከኤክስቼንጅ ወደ ዋሌታችሁ ስትልኩ ጀማሪን የሚጥለው ኔትወርክ (ገንዘቡ የሚሄድበት ብሎክቼን) የሚለው ምርጫ ነው። ዩኤስዲቲ አንድ ስም ይዞ በብዙ መንገድ ይሄዳል። በትሮን ከሆነ የመቀበያው አድራሻ በቲ ፊደል ይጀምራል። በኢቴሪየም ከሆነ በዜሮና በኤክስ ይጀምራል። ላኪውም ተቀባዩም ጋ አንድ ዓይነት ኔትወርክ መመረጡን ሳታዩ አትላኩ።

በትሮን የገባላችሁን ዩኤስዲቲ መልሳችሁ ለመላክ ደግሞ ትሮን የሚባለው ክሪፕቶ ራሱ በዋሌታችሁ ውስጥ ትንሽ ያስፈልጋችኋል፤ የአገልግሎት ክፍያው በእሱ ነው የሚቆረጠው። በኢቴሪየም ከሆነ ኢቴሪየም፣ በቶን ከሆነ ቶን። ያለዚያ ገንዘባችሁን እያያችሁት ማንቀሳቀስ ያቅታችኋል።

ቶን ወደ ኤክስቼንጅ ስትልኩ ሜሞ የሚባል ቁጥር ይጠየቃል። ኤክስቼንጁ የሁሉንም ደንበኛ ገንዘብ በአንድ አድራሻ ስለሚቀበል የማን እንደሆነ የሚለየው በዚያ ቁጥር ነው። ከኤርድሮፕ (በነጻ ከሚታደል ክሪፕቶ) ያገኙትን ሜሞ ሳይጽፉ ልከው ለሳምንታት ደንበኛ አገልግሎት ሲለምኑ የከረሙ አውቃለሁ።

አድራሻ በእጅ አይጻፍም፤ ኮፒ ይደረጋል። ከለጠፋችሁ በኋላ ግን ከፊት፣ ከመሃልና ከኋላ ጥቂት ጥቂት ፊደል አመሳክሩ። ኮፒ ያደረጋችሁትን አድራሻ በሌባው አድራሻ የሚተካ ቫይረስ አለ። ካለፈው የዝውውር ታሪክ ላይ አድራሻ ኮፒ አታድርጉ። አጭበርባሪዎች ፊቱና ኋላው የእናንተን የመሰለ አድራሻ ሠርተው ጥቂት ሳንቲም ወይም ባዶ ዝውውር ይልኩላችኋል፤ በኋላ ተሳስታችሁ የእነሱን እንድትወስዱ ነው።

መጀመሪያ 5 ዶላር ላኩ። ሲደርስ የቀረውን። ሁለት ጊዜ ክፍያ ይቆረጣል፤ ይቆረጥ።

6. ወረቀቱ የት ይቀመጥ?

ሁለት ቅጂ፣ ሁለት ቤት። አንዱ እናንተ ጋ፣ ሌላው ወላጆቻችሁ ወይም እህታችሁ ጋ፣ በታሸገ ፖስታ። ቤት ሲቃጠል ወይም ቆርቆሮው ሲያፈስ ሁለቱም አብረው እንዳይሄዱ ነው። ፍራሽ ሥርና ቁምሳጥን ውስጥ ያለው ካፖርት ኪስ ሌባ መጀመሪያ የሚፈትሻቸው ናቸው። ወረቀቱን ላስቲክ ውስጥ አድርጉት፤ አይጥ ካለ ቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ።

ስድስቱን ቃል እዚህ፣ ስድስቱን እዚያ ብላችሁ አትክፈሉት። ብልህነት ይመስላል። ግን አንዱ ሲጠፋ ሁለቱም ጠፉ ማለት ነው።

ገንዘቡ ከበዛ በስቴንለስ ስቲል ቁራጭ ላይ ፊደል በመዶሻ መምታት ይቻላል። እሳትም ውሃም አይነካውም። ግን ራሳችሁ ምቱት። ማኅተም ቀራጭ ጋ ወስዶ ማስቀረጽ ቁልፉን መስጠት ነው።

7. የሃርድዌር ዋሌት

ሌጀርና ትሬዘር የሚባሉት ፍላሽ የሚያካክሉ መሣሪያዎች ናቸው። ቁልፉ ከውስጣቸው ሳይወጣ ዝውውሩን ይፈርማሉ፤ ስልካችሁ ቫይረስ ቢኖርበት እንኳ ቁልፉን አያገኘውም። ለ140 ዶላር አያስፈልግም። የምታስቀምጡት የመሣሪያውን ዋጋ አሥር እጥፍ ሲያልፍ አስቡበት፤ ይህ የእኔ መለኪያ ነው።

እኛ ጋ ብዙ ጊዜ የሚገባው ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ነው። ዘመዳችሁ ከአምራቹ ድረ ገጽ ይግዛው፤ ያገለገለ አይሁን። ሳጥኑ ውስጥ ቃላቱ አስቀድመው የተጻፉበት ካርድ ካገኛችሁ መሣሪያውን አትጠቀሙበት። ቃላቱን የጻፈው ሰው ገንዘቡ እስኪገባ እየጠበቀ ነው። ትክክለኛው መሣሪያ ቃላቱን በራሱ ስክሪን ላይ አዲስ አውጥቶ ያሳያችኋል።

ፒኑን ሌጀር ላይ 3 ጊዜ፣ ትሬዘር ላይ ደግሞ ከዚያ በላይ ብዙ ጊዜ ከተሳሳታችሁ መሣሪያው ውስጡ ያለውን ሁሉ ያጠፋል። አትፍሩ፤ 4ኛውን ደረጃ ተለማምዳችሁታል። ለዚህም መሣሪያ ገንዘብ ሳታስገቡ ድገሙት።

እ.ኤ.አ. በ2020 የሌጀር ደንበኞች ዝርዝር ተሰርቆ ወደ 272,000 የሚሆኑ ሰዎች የቤት አድራሻ ኢንተርኔት ላይ ወጥቷል። ለአንዳንዶቹም ሐሰተኛ መሣሪያ በፖስታ ተልኮላቸዋል። ስለዚህ «መሣሪያህ ተበላሽቷል፣ ይኸው ምትክ» የሚል ነገር ቢመጣላችሁ ስጦታ አይደለም።

8. በቴሌግራም የሚመጡት

ግሩፕ ውስጥ ጥያቄ በጻፋችሁ በደቂቃ ውስጥ «ሰፖርት» የሚል ስምና የድርጅቱን አርማ የያዘ ሰው በውስጥ ይመጣል። ትሑት ነው፣ ይፈጥናል፣ አንዳንዴ አማርኛም ይችላል። መጨረሻ ላይ የሚጠይቃችሁ 12ቱን ቃላት ነው። ቃላቱን የሚጠይቅ እውነተኛ ሠራተኛ የለም። የትም።

ሌላኛው ወጥመድ ስግብግብነታችንን ነው የሚያጠምደው። አንድ ሰው የዋህ መስሎ የራሱን 12 ቃላት ግሩፕ ላይ ይለጥፋል፦ «ዩኤስዲቲ አለኝ፣ እንዴት ላውጣው?» ዋሌቱን ከፍታችሁ ስታዩ እውነትም ብዙ መቶ ዶላር አለ። ለማውጣት ግን ትንሽ ትሮን ያስፈልጋል። ከራሳችሁ ትልካላችሁ። ትሮኑ ገባ፤ ዩኤስዲቲው ንቅንቅ አይልም። ዋሌቱ ሲሠራ ያለ ሌላ ሰው ፊርማ እንዳይልክ ተደርጎ ተቆልፏል። የላካችሁት ትሮን ግን ሄዷል። የሰው ሊሰርቅ የገባ ስለሆነ የሚከስም የለም!

ኤርድሮፕ ለመቀበል ዋሌት አገናኙ ለሚሉ ገጾች ሌላ ባዶ ዋሌት ክፈቱ። ያላዘዛችሁት ቶክን (የማታውቁት ዓይነት ክሪፕቶ) ዋሌታችሁ ውስጥ ገብቶ ካገኛችሁ ለመሸጥ አትሞክሩ፤ እንዳላያችሁት እለፉት።

9. አንድ ሰው ይወቅ

የካናዳው ኳድሪጋ ኤክስቼንጅ መሥራች በዲሴምበር 2018 ሕንድ ውስጥ ሲሞት ቁልፎቹን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር ተባለ። በኋላ የአገሪቱ ተቆጣጣሪዎች ሲመረምሩ አብዛኛው ገንዘብ ቀድሞም በማጭበርበር የጠፋ ሆኖ ተገኘ። ሐቀኛ ሰውም ግን ቁልፉን ለብቻው ይዞ ሊሞት ይችላል። ያኔ ቤተሰቡ ገንዘቡን መዝገቡ ላይ እያየ ይቀራል።

ለምታምኑት አንድ ሰው ደብዳቤ ጻፉ። ቃላቱ ደብዳቤው ላይ አይኑሩ፤ ምን እንዳላችሁ፣ ፖስታው የት እንዳለ፣ የትኛውን አፕ እንደሚያወርድና እንዴት እንደሚመልሰው ብቻ። ለሌላው ሰው ግን ምን ያህል እንዳላችሁ አታውሩ። በጃንዋሪ 2025 ከሌጀር መሥራቾች አንዱ ፈረንሳይ ውስጥ ታግቶ ገንዘብ ተጠይቆበታል።

እኔ ደብዳቤውን ለእህቴ ጻፍኩላት። ይገባት እንደሆነ ለማየት 2 ዶላር ያለበት መለማመጃ ዋሌት ከፍቼ ቃላቱን ከደብዳቤው ጋር ሰጠኋትና ቁጭ ብዬ ዝም አልኩ። ዋሌቱን በ10 ደቂቃ መለሰችው። ገንዘቡን ልትልክልኝ ስትል ግን ቆመች። «ኔትወርክ ምረጪ ይላል» አለችኝ፤ «ዋይፋይ ነው በዳታ?» ደብዳቤውን ወስጄ ያንን አንቀጽ እንደገና ጻፍኩት።